ተማሪዎች በአንድ ሴሚስተር ቢዝነስ አቅደው እንዲጀምሩ ማስተማር፦ ለዩኒቨርሲቲ መምህራን የአሠራር መመሪያ

ኢንተርፕረነርሺፕ ከሚያስተምሩ መምህራን ደጋግሞ የሚደርሰን ጥያቄ አንድ ነው፦ «ተማሪዎቼ 40 ገጽ የቢዝነስ ዕቅድ ያስገባሉ፤ አንድ ዕቃ እንኳ ሸጠው ግን አያውቁም። በአንድ ሴሚስተር እውነተኛ ሥራ ማስጀመር ይቻላል?» ይቻላል። ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው የሚያስፈልገው። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ሰው ይጠይቃሉ፣ ቀጥሎ በትንሹ ይሸጣሉ፣ ዕቅዱን የሚጽፉት መጨረሻ ላይ ከራሳቸው መዝገብ እየቀዱ ነው። ዕቅዱ መጀመሪያ ከተጻፈ ቁጥሩ ሁሉ ግምት ይሆናል፤ በግምት የተሞላ ዕቅድ ደግሞ ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው ሲገለበጥ ይኖራል።

መመሪያው የተዘጋጀው ለ16 ሳምንት ሴሚስተር፣ ወደ 60 ተማሪ ላለው ክፍል ነው። የእርስዎ ክፍል ከዚህ ከበዛ የቡድኑን ቁጥር እንጂ የቡድኑን መጠን አይጨምሩ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለእያንዳንዱ ቡድን፦
- ባለ 50 ሉክ ደብተር 2፤ አንዱ ለቃለ መጠይቅ፣ ሌላው ለገንዘብ
- ፍሊፕ ቻርት ወረቀት 3፣ ማርከር 2፣ ተለጣፊ ወረቀት 1 ጥራዝ (ከሌለ የተቆራረጠ ወረቀትና ማስቲሽ)
- በአንድ አባል ስም የሚከፈት፣ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚያገለግል የቴሌብር ወይም የባንክ ሒሳብ
- የሚመዘን ነገር የሚሸጡ ከሆነ ግራም የሚያነብ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን
- መነሻ ገንዘብ፦ ከአንድ አባል ከ400 ብር የማይበልጥ

ለእርስዎ፦
- ከዩኒቨርሲቲው አስተዳደር የተጻፈ የሙከራ ሽያጭ ፈቃድ
- የሁሉንም ቡድኖች ሳምንታዊ ቁጥር የሚይዙበት አንድ ሰንጠረዥ

የ400 ብር ጣሪያ ለክርክር አይቅረብ። ብዙ ተማሪ የሚኖረው ቤተሰቡ ከጉሮሮው ቀንሶ በሚልከው ገንዘብ ነው። ለኮርስ ብሎ ከቤት ተጨማሪ ገንዘብ የሚያስልክ፣ ወይም ከጓደኛው የሚበደር ተማሪ መኖር የለበትም። 400 ብር የሚከብደው ተማሪ ካለ ድርሻው በጉልበት እንዲሆን በቡድኑ ስምምነት ላይ ይጻፍ፤ ይህንንም እርስዎ ራስዎ ለሁሉም ቡድን እንደ ደንብ ይንገሩ፤ ተማሪው ለምኖ እንዲያገኘው አይጠብቁ።

ደረጃ 1፦ ሴሚስተሩ ሳይጀመር ፈቃዱንና የውጤት ክፍፍሉን ይጨርሱ

ፈቃዱ በደብዳቤ ይሁን። ደብዳቤው ላይ የሚሸጥበት ቦታ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን፣ ምን ዓይነት ዕቃ እንደማይፈቀድ ይጠቀስ። የአስተዳደሩን፣ የተማሪዎች አገልግሎትንና የጥበቃ ክፍሉን ማህተም ወይም ግልባጭ ያካትት። ቃል ብቻ የተሰጠው ቡድን በመጀመሪያው ቀን ከበር ላይ ዕቃው ይመለሳል፤ ጥበቃው ተሳስቶ አይደለም፤ የሚያውቀው ነገር ስለሌለ ነው።

ያለ ንግድ ፈቃድ መነገድ በአዋጅ ቁጥር 980/2008 የሚያስቀጣ መሆኑን አይርሱ። ስለዚህ ሽያጩ በግቢ ውስጥ፣ በተወሰነ ቀንና መጠን፣ ለትምህርት ዓላማ የሚደረግ ሙከራ መሆኑ በደብዳቤው ላይ ይስፈር። ከግቢ ውጭ ለመሸጥ ያሰበ ቡድን ካለ አስቀድመው የወረዳውን ንግድ ጽሕፈት ቤት ያነጋግሩ።

ውጤቱን ደግሞ እንዲህ ይከፋፍሉ፦ የቃለ መጠይቅ መዝገብ 15፣ የዋጋ ስሌት 10፣ የሽያጭና የገንዘብ መዝገብ 20፣ የጽሑፍ ዕቅድ 15፣ የመጨረሻ ፈተና 40። ለትርፍ ነጥብ አይስጡ። ትርፍ ነጥብ ካስገኘ ተማሪው ከኪሱ ወደ ሒሳቡ ብር ያስገባና ሽያጭ ብሎ ይመዘግበዋል፤ ያኔ እርስዎም እሱም እውነቱን ታጣላችሁ። ከስሮ መዝገቡን በትክክል የያዘ ቡድን ከ20 ሙሉ 20 ማግኘት ይችላል፤ ይህንን በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ጮክ ብለው ይናገሩት።

ደረጃ 2፦ ቡድኑን እርስዎ ይመድቡ (ሳምንት 1)

በአንድ ቡድን ስድስት ሰው ይበቃል። ከስምንት በላይ ሲሆን ሁለቱ ሠርተው ስድስቱ ስማቸውን ያስጽፋሉ። ከተለያየ ዶርምና ከተለያየ የትምህርት ክፍል ይቀላቅሏቸው፤ ዶርማቸው የተለያየ ከሆነ የሚጠይቁትም የሚሸጡለትም ሰው ይሰፋል። ጓደኛሞች ራሳቸው ሲመራረጡ ሌላም ችግር አለ። ገንዘብ ሲጎድል «ማንን ልጠይቅ?» ብለው በይሉኝታ ዝም ይባባላሉ።

በዚያው ሳምንት አንድ ገጽ ስምምነት ይጻፉና ሁሉም ይፈርሙ። የሚከተሉትን ይመልስ፦
- ማን ስንት ብር ወይም ስንት ሰዓት ያዋጣል?
- ገንዘብ ያዡ ማን ነው? መዝገብ ያዡ ማን ነው? (ሁለቱ አንድ ሰው መሆን አይችሉም።)
- አባል መሀል ላይ ቢወጣ ያዋጣው መቼና እንዴት ይመለሳል?
- መጨረሻ ላይ የተረፈው ወይም የከሰረው እንዴት ይከፈላል?

ገንዘብ ያዡና መዝገብ ያዡ የሚለያዩት ተማሪ ስለማይታመን አይደለም። ሁለት ሰው በየማታው ቆጥሮ ሲስማማ የጎደለው 20 ብር የዚያኑ ቀን ይገኛል፤ አንድ ሰው ብቻውን ከያዘው ግን የሚታወቀው በወሩ ነው። ያኔ ደግሞ የጠፋው ገንዘብ ሐሜት ይዞ ይመጣል።

ደረጃ 3፦ ችግር ፍለጋ (ሳምንት 2)

«ሐሳብ አምጡ» ብለው አይጀምሩ። ተማሪው ከዚህ በፊት ያየውን ካፌ ወይም ስሙን የሰማውን መተግበሪያ ይዞ ይመጣል። ይልቁንም እያንዳንዱ አባል ለሦስት ቀን ደብተር ይዞ ይዙር። የሚጽፈው ሰው ሲሰለፍ፣ ሲመለስ፣ ሲያማርር፣ በማይመች መንገድ ነገሩን ሲፈታ ያየበትን ቦታና ሰዓት ነው። «የህትመት ችግር አለ» አይበቃም። «ሐሙስ ከጠዋቱ 1፡40፣ ህትመት ቤቱ በር ላይ 14 ሰው፤ ሦስቱ ሳያሳትሙ ወደ ክፍል ሄዱ» ይበቃል። ከመጀመሪያው አረፍተ ነገር የሚሠራ ነገር አይወጣም፤ ከሁለተኛው ማታ ፋይል ተቀብሎ ጠዋት ዶርም በር ድረስ የሚያደርስ አገልግሎት ሊወጣ ይችላል።

ስድስቱ ሲሰበሰቡ ቢያንስ 20 ችግር በተለጣፊ ወረቀት ግድግዳ ላይ ይለጥፉ። ከዚያ አራት ጥያቄ ያልፋል ወይ ብለው ያጣሩት፦ ገዢው በእግር 15 ደቂቃ ውስጥ ይገኛል? በ2,400 ብር ይጀመራል? በሁለት ሳምንት ውስጥ ለሽያጭ ይደርሳል? የተለየ የብቃት ማረጋገጫ የማይጠይቅ ነው? አራቱንም ያለፉ ሦስት ብቻ ይቅሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ የታሸገ ምግብ፣ የፀጉር ቅባትና ሳሙና ተማሪ በጣም ይወዳቸዋል፤ ጉዳትም የሚመጣው ከእነሱ ነው። ምግብና የመዋቢያ ምርት በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ቁጥጥር የሚደረግበት ዘርፍ ነው። በግቢ ለሚደረግ ሙከራ እንደ ቆሎ ያለ ደረቅ ነገር ከፈቀዱ ንጽሕናውንና የሚዘጋጅበትን ቦታ ራስዎ ሄደው ይዩ፤ ለውዝ ካለበት መኖሩ በመለያው ላይ ይጻፍ። ወተት ነክ፣ ሥጋ ነክና በቆዳ ላይ የሚቀባ ነገር ግን አይፍቀዱ።

ደረጃ 4፦ ቃለ መጠይቅ (ሳምንት 3)

ብዙ ቡድን የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ ጊዜ ይስጡት። ተማሪው «ይህን ብናመጣ ትገዛለህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የተጠየቀው ሰው ደግሞ በይሉኝታ «አዎ፣ አሪፍ ነው፣ በርቱ» ይላል። ከ50 መጠይቅ 47ቱ «አዎ» ይሆንና በሽያጩ ቀን አምስት ሰው ይመጣል። ተጠያቂዎቹ ዋሽተው አይደለም፤ ሰው ፊት ለፊት እምቢ ማለት ነውር ስለሆነብን ነው። መፍትሔው ስለ ወደፊቱ አለመጠየቅ ነው። ያለፈውን ብቻ ይጠይቁ፦

- «ትናንት ማታ ስታጠኚ ሲርብሽ ምን አደረግሽ?»
- «የት ሄድሽ? ስንት ከፈልሽ?»
- «ምኑ አልተመቸሽም?»
- «ከዚያ በፊትስ ሌላ ምን ሞክረሽ ታውቂያለሽ?»

ያለፈ ነገር ላይ ይሉኝታ ብዙም አይሠራም። ሰውዬው ወይ ከፍሏል ወይ አልከፈለም።

እያንዳንዱ ቡድን 15 ሰው፣ ለእያንዳንዱ 15 ደቂቃ ያህል ያናግር። ሁለት ሁለት ሆነው ይሂዱ፤ አንዱ ይጠይቅ፣ ሌላው የተባለውን ቃል በቃል ይጻፍ። ከ15ቱ አምስቱ በስም እንኳ የማያውቋቸው ሰዎች ይሁኑ። ያሰቡትን ምርት በቃለ መጠይቁ ውስጥ አያንሱ፤ ካነሱት ወሬው ሁሉ ወደ ምክር ይዞራል። በጎግል ፎርም ወይም በቴሌግራም ግሩፕ የተበተነ መጠይቅ የዚህ ምትክ አይሆንም፤ መልስ ሲሰጥ የፊቱን ሁኔታ አያዩም፣ «ለምን?» ብለውም አይከታተሉትም።

ለመቀጠል መለኪያው ይህ ነው፦ ከ15ቱ ቢያንስ 8ቱ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ለዚያ ችግር ገንዘብ ወይም ጊዜ አውጥተዋል? ካልሆነ ከቀሩት ሁለት ችግሮች ወደ አንዱ ይዙሩ። የዞረ ቡድን ነጥብ አይቀነስበትም፤ እንዲያውም መዝገቡ የተሟላ ከሆነ ሥራውን በትክክል ሠርቷል።

ደረጃ 5፦ ካንቫሱን በአንድ ገጽ (ሳምንት 4)

ባለ ዘጠኝ ሳጥኑን የቢዝነስ ሞዴል ካንቫስ፣ ማለትም ሥራው ለማን፣ ምን፣ እንዴት፣ በምን ወጪና ገቢ እንደሚሠራ በአንድ ገጽ የሚያሳየውን ሠንጠረዥ፣ በፍሊፕ ቻርት ላይ ይሥሩ። በተለጣፊ ወረቀት እንጂ በቀጥታ በማርከር አይጻፉ፤ የሚነቀልና የሚለወጥ መሆን አለበት። ከቃለ መጠይቁ የመጣው በአንድ ቀለም፣ ግምት የሆነው በሌላ ቀለም ይሁን። በግምት ቀለም ከተሞሉት ሳጥኖች መካከል ስህተት ሆኖ ቢገኝ ሥራውን የሚያፈርሰውን አንዱን ይክበቡ። ደረጃ 7 ላይ የሚሞከረው እሱ ነው። ከአንድ ክፍለ ጊዜ በላይ አያጥፉበት።

ደረጃ 6፦ የአንዱን ዕቃ ትክክለኛ ወጪ ማስላት (ሳምንት 5)

አንድ ምሳሌ በሰሌዳ ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሥሩላቸው። የሚከተለው ማታ ለሚያጠኑ ተማሪዎች የሚሸጥ ባለ 80 ግራም ቆሎ ነው። ዋጋዎቹ ለስሌት የተወሰዱ ናቸው፤ በአካባቢዎ የገበያ ዋጋ ይተኳቸው።

ጥሬ ዕቃ፦
- ገብስ 6 ኪሎ በ110 = 660 ብር
- ሽምብራ 3 ኪሎ በ130 = 390 ብር
- ለውዝ 1 ኪሎ በ220 = 220 ብር
- ድምር 10 ኪሎ፣ 1,270 ብር

አብዛኛው ተማሪ እዚህ ላይ ያቆምና 10,000 ግራምን ለ80 ያካፍላል፤ 125 ከረጢት። 1,270 ለ125 ሲካፈል 10 ብር ከ16 ሳንቲም። «በ15 ብር ብንሸጥ ወደ 5 ብር እናተርፋለን» ይላል።

አሁን የጎደለውን ያስገቡ። እህል ሲቆላ እርጥበቱ ይወጣል፤ ሲለቀም ደግሞ ጠጠሩና የተሰባበረው ይነሳል። ተቆልቶና ተለቅሞ የተመዘነው 8.8 ኪሎ ነው እንበል፤ ከረጢቱ 110 ይሆናል። ላስቲክና መለያ ለ110 በ2 ብር 220፣ ከሰል 150፣ ከገበያ እስከ ግቢ ትራንስፖርት 120። ጠቅላላ 1,760 ብር። ለ110 ሲካፈል አንዱ 16 ብር ወጣበት። በ15 ብር የሸጠ ቡድን በእያንዳንዱ ከረጢት 1 ብር እየከሰረ ነው፤ ብዙ በሸጠ ቁጥርም ኪሳራው ይበዛል። ሰሌዳው ላይ ሁለቱን ስሌቶች ጎን ለጎን ይተዉላቸውና ልዩነቱ የት የት እንደገባ ራሳቸው እንዲያሰምሩበት ያድርጉ።

በ22 ብር ቢሸጥ ከአንዱ 6 ብር ይተርፋል። ሚዛንና ማስታወቂያ 600 ብር ከወሰደ፣ 600 ለ6 ሲካፈል 100 ይመጣል፤ ማለት 100 ከረጢት እስኪሸጥ ቡድኑ ገና ወጪውን እየመለሰ ነው። ዕቃውን ላውንጅ ውስጥ ላለ ሱቅ አስረክበው ሱቁ በእያንዳንዱ 3 ብር ቢወስድ ትርፉ በግማሽ ወርዶ መመለሻው 200 ከረጢት ይሆናል። ሱቁ ጥሩ ነው መጥፎ የሚለውን እርስዎ አይወስኑ። ቁጥሩን ይዘው እነሱ ይወስኑ።

ጉልበታቸውንም በሰዓት ይመዝግቡ። አምስት ሰው ለመቁላት፣ ለመልቀምና ለማሸግ አራት አራት ሰዓት ከሠራ 20 ሰዓት ነው። 110 ከረጢት በ6 ብር 660 ብር፤ ለአንድ ሰዓት 33 ብር ይደርሳል፤ ያውም የ600 ብሩ ወጪ ሳይነሳ። ይህ ቁጥር «ሥራው ከኮርሱ በኋላ መቀጠል አለበት ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ከማንኛውም ምክር ይልቅ ይጠቅማቸዋል።

እዚህ የሚበላሸው ነገር፦ እህል በጣሳ ተገዝቶ በኪሎ ይሰላል። ጣሳው ከነጋዴ ነጋዴ ይለያያል፣ አሞላሉም እንዲሁ። ሚዛኑን ገበያ ይዘው ይሂዱ። ሌላው፣ «ለመቅመስ» ተብሎ የሚሰጠው ነው። ስድስት ከረጢት ቢታደል 96 ብር ወጪ ነው፤ ክልክል አይደለም፤ በማስታወቂያ ወጪ ስር ይመዝገብ።

ደረጃ 7፦ ዕቃው ሳይሠራ መሸጥ (ሳምንት 6 እና 7)

ሩብ ያህሉን ብቻ፣ ማለትም ከ2.5 ኪሎ ያልበለጠ እህል ለናሙና ያዘጋጁ። ናሙናውን እያሳዩ ትዕዛዝ ይቀበሉ፦ ሙሉ ክፍያ በቅድሚያ፣ ርክክብ በሦስተኛው ቀን። ግቡ በሁለት ቀን 40 ትዕዛዝ ነው፤ 880 ብር። የከፈለው ሰው ስም፣ ዶርምና መጠን በደብተሩ ላይ ይሰፍራል። ዕቃው በቀኑ ካልደረሰ ገንዘቡ በዚያው ቀን ይመለሳል፤ ለዚህም የቅድሚያ ክፍያው ሌላ ነገር ሳይገዛበት መቀመጥ አለበት።

ከ20 ትዕዛዝ በታች ከመጣ አይቁሉ። ያልገዙትን አምስት ሰዎች አግኝተው «ትናንት ማታ በምትኩ ምን በላችሁ?» ይበሉና ወደ ካንቫሱ ይመለሱ። ቅድሚያ ክፍያ «አዎ» ያለውን ሰው ከሚገዛው ሰው ይለያል፤ 16 ብር የወጣበት 110 ከረጢት ዶርም ውስጥ ከመከመሩ በፊት ነው ይህን ማወቅ ያለባቸው።

አገልግሎት የሚሸጡ ቡድኖችም ይህንኑ ያድርጉ። የህትመት ማድረስ ከሆነ ለአንድ ሳምንት አሥር ደንበኛ በቅድሚያ ከፍሎ ይመዝገብ፤ ማተሚያ መግዛት አያስፈልግም፣ ካለው ህትመት ቤት ጋር በቅናሽ ይስማሙ።

ደረጃ 8፦ አሥር የሽያጭ ቀናት (ከሳምንት 8 እስከ 11)

ቀኑን ከመወሰንዎ በፊት ሦስት ነገር ካላንደር ላይ ያስምሩ፦ የአጋማሽ ፈተና ሳምንት፣ ጾም፣ ገንዘብ የሚገባበት ቀን። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በረመዳንም ቀን ላይ የምግብ ሽያጭ ይቀዘቅዝና ምሽት ላይ ይነሳል። በሑዳዴ መሀል የእንቁላል ሳንዱች ይዞ የወጣ ቡድን የሚከስረው ሳንዱቹ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ረቡዕና ዓርብንም አይርሱ። ካፌ የማይመገቡ ተማሪዎች ወርሃዊ ክፍያቸው በገባ ሰሞንና በወሩ ማብቂያ የሚያወጡት ገንዘብ አይመሳሰልም፤ ስለዚህ አሥሩ ቀን በአንድ ሳምንት ተኩል ውስጥ ከሚታጨቅ በወሩ ውስጥ ይበተን።

የገንዘብ ደብተሩ አምዶች ስድስት ናቸው፦ ቀን፣ ዝርዝር፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ፣ የሁለት ሰው ፊርማ። የቆሎው ቡድን የመጀመሪያ ገጽ ይህን ይመስላል፦

- ከአባላት መዋጮ፦ ገቢ 2,400፤ ቀሪ 2,400
- ገብስ፣ ሽምብራ፣ ለውዝ፦ ወጪ 1,270፤ ቀሪ 1,130
- ላስቲክና መለያ፦ ወጪ 220፤ ቀሪ 910
- ከሰል፦ ወጪ 150፤ ቀሪ 760
- ትራንስፖርት፦ ወጪ 120፤ ቀሪ 640
- ሚዛንና ማስታወቂያ፦ ወጪ 600፤ ቀሪ 40
- ማክሰኞ ሽያጭ፣ 14 ከረጢት፦ ገቢ 308፤ ቀሪ 348

ማክሰኞ ከካርቶኑ የወጣው ግን 18 ከረጢት ነው። አራቱ በዱቤ ሄደዋል። እዚህ ላይ ክፍሉን ያቁሙና ያስሉ፦ አንድ ዱቤ ሳይከፈል ቢቀር ቡድኑ 16 ብር አጣ፤ ከአንድ ሽያጭ የሚተርፈው 6 ብር ስለሆነ ያንን ለመመለስ ሦስት ከረጢት መሸጥ አለበት። የካምፓስ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚሞተው በዱቤ ነው፤ ተበዳሪው የክፍል ጓደኛ ስለሆነ መጠየቅ ያሳፍራል። «የኮርሱ ደንብ ዱቤ አይፈቅድም» የሚል ጽሑፍ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡላቸው፤ ተማሪው እምቢ ሲል የሚያሳብብበት ነገር ያገኛል፤ ጓደኝነቱም አይነካም።

ማስጠንቀቂያ፦ «ደረሰኝ» የሚል ወረቀት በግላቸው እንዳያሳትሙ ይከልክሉ። ደረሰኝ ማሳተም ከግብር ባለሥልጣን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ያለ ፈቃድ ማሳተም በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ወንጀል ነው። ለሙከራ ሽያጩ ደብተሩና የቴሌብር መልእክቱ ይበቃል። የቴሌብር ክፍያም የሚረጋገጠው በሻጩ ስልክ ላይ በገባው መልእክት ነው፤ ገዢው ስልኩ ላይ በሚያሳየው ምስል ዕቃ አይስጡ።

ደረጃ 9፦ ሳምንታዊ የአሥር ደቂቃ ግምገማ

በሽያጩ ሳምንታት ከሚኖሩዎት ክፍለ ጊዜያት ሁለቱን ለዚህ ይስጡ፤ አሥር ቡድን በአሥር ደቂቃ 100 ደቂቃ ነው። እያንዳንዱ ቡድን አራት ቁጥር ይዞ ይቅረብ፦ ስንት ተሸጠ? ስንት ሰው ተመልሶ ገዛ? እጅ ላይ ስንት ብር አለ? ደብተሩ ላይ ካለው ቀሪ ጋር ስንት ይለያያል? ስላይድ አይፈቀድ፤ ደብተሩ ይቅረብ።

ለሚቀጥለው ሳምንት አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ። ዋጋውንም፣ ቦታውንም፣ መጠኑንም በአንድ ጊዜ ከለወጡ ሽያጩ ሲጨምር የትኛው እንደሠራ አያውቁም። ከአራቱ ቁጥሮች ተመልሶ የገዛው ሰው ብዛት ይበልጥ ያሳስብዎት፤ የመጀመሪያውን ከረጢት ጓደኛ ለማበረታታት ይገዛል፤ ሁለተኛውን የሚገዛው ቆሎው ጥሞት ነው።

ደረጃ 10፦ አሁን ዕቅዱን መጻፍ (ሳምንት 12 እና 13)

ከስምንት ገጽ አይብለጥ። ደንበኛው ማን እንደሆነ ከቃለ መጠይቁ ደብተር፣ ወጪና ዋጋ ከደረጃ 6፣ የሽያጭ ትንበያ ከአሥሩ ቀን መዝገብ ይቀዳል። ደንቡ ቀላል ነው፦ በዕቅዱ ላይ ያለ ማንኛውም ቁጥር በህዳጉ ላይ የመጣበት የደብተር ገጽ ይጻፍበት። ገጽ የሌለው ቁጥር «ግምት» ይባልና ለምን እንደተገመተ ይገለጽ። ይህ ደንብ መገልበጥን ያለ ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል፤ የሌላውን ቡድን ዕቅድ የወሰደ ተማሪ የገጹን ቁጥር የሚያሳይበት ደብተር የለውም።

በብዛት የሚታዩ ስህተቶች

- መተግበሪያ በማሠራት መጀመር። አገልግሎቱ መጀመሪያ በስልክ ጥሪና በቴሌግራም ይሠራ፤ በቀን 30 ትዕዛዝ በእጅ መያዝ ሲያቅት ስለ መተግበሪያ ይነሳ።
- ከሌላው ሻጭ ረክሶ ለመሸጥ መሮጥ። ወጪውን ያላሰላ ቡድን ሌላ የሚወዳደርበት ነገር ስለሌለው ዋጋ ይቀንሳል።
- የቡድኑ አባላት የራሳቸውን ዕቃ በነፃ መብላት። በቀን ስድስት ከረጢት በአሥር ቀን 60 ነው፤ 960 ብር። አባልም በ16 ብር ይግዛ።
- መምህሩ ደንበኛ መሆን። እርስዎ ከአንዱ ከገዙ ከሁሉም መግዛት አለብዎት፤ ቁጥሩም ይበላሻል።

ደረጃ 11፦ መዝጋት ወይም መቀጠል (ሳምንት 14 እና 15)

የሚዘጋ ቡድን የቀረውን ዕቃ ይሸጥ፣ ያልደረሰ ትዕዛዝ ካለ ገንዘቡን ይመልስ፣ ሚዛኑን ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች ወይም ለሌላ ሰው ይሽጥ፣ ቀሪውን በስምምነቱ መሠረት ተካፍሎ ይፈራረም። ይህ ከማጠቃለያ ፈተና በፊት ይለቅ፤ ፈተና ካለቀ በኋላ ሁሉም ወደየቤቱ ስለሚሄድ የተረሳ ሒሳብ አይገኝም።

መቀጠል የሚፈልግ ቡድን ከሙከራ ወደ ሕጋዊ ንግድ መሻገር አለበት። ግቢዎ የኢንኩቤሽን ማዕከል (አዲስ ሥራ ጀማሪዎችን የሚደግፍ ክፍል) ካለው መጀመሪያ እዚያ ይላኳቸው። ከዚያ በቅደም ተከተል፦

1. የንግዱን ዓይነት ይምረጡ። አንድ ሰው ብቻውን በግለሰብ ነጋዴነት መመዝገብ ይችላል። በንግድ ሕጉ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 መሠረት ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርም ይቻላል። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ካፒታሉ ከ15,000 ብር ማነስ የለበትም። ለብዙ የተማሪ ቡድን በወረዳው የአንድ ማዕከል አገልግሎት በኩል በጥቃቅንና አነስተኛ መደራጀት ይቀላል።
2. የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያውጡ። መታወቂያቸው ላይ ያለው ስም አጻጻፍ በሁሉም ሰነድ አንድ መሆኑን ያረጋግጡ፤ አንድ ፊደል ስትለያይ ከቢሮ ቢሮ ያመላልሳል።
3. የንግድ ምዝገባውንና ስሙን ያስመዝግቡ። ሦስት አማራጭ ስም ይያዙ፤ የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ተይዞ ይገኛል።
4. ዘርፉ የብቃት ማረጋገጫ የሚጠይቅ ከሆነ ከሚመለከተው ተቋም ያውጡ፣ ከዚያ የንግድ ፈቃዱን ይውሰዱ።
5. ፈቃዱ በየዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ባለው ጊዜ ይታደሳል፤ ከዚያ ካለፈ ቅጣት አለው። ሥራው ከቆመ ፈቃዱን ይመልሱ፣ የግብር ክሊራንስም (የግብር ዕዳ እንደሌለባቸው የሚገልጽ ማረጋገጫ) ይውሰዱ። ዝም ብሎ የተተወ ፈቃድ ከተመረቁ በኋላ ሌላ ንግድ ሊያወጡ ሲሄዱ ያልታሰበ ዕዳ ሆኖ ይጠብቃቸዋል።